ከቅሬው ልውጣ ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የሕንፃ መሣሪያ እሸጣለሁ። የጸሎት ጓደኞቼ «ይህን ዓለም አትምሰሉ» የሚለውን ጠቅሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ካለበት ከሰፈራችን ቅሬ (እድር) ውጣ ይሉኛል። ልውጣ ወይ? በነገራችን ላይ፣ እንደ ገበያው በደረሰኝና ያለ ደረሰኝ ሁለት ዋጋ አለኝ፤ ይህስ ነውር ነው?

መልስ፦ ከቅሬው አይውጡ። «በነገራችን ላይ» ብለው ያለፉት ግን ዋናው ጥያቄ ይመስለናል።

ጥቅሱ ሮሜ 12፥2 ነው። «ዓለም» የተባለው በግሪኩ አዮን፣ ማለትም ዘመን ነው፤ እኛም «ለዘለዓለም» ስንል ጊዜን ነው የምናወራው። እግዚአብሔር ወደደው የተባለው የዮሐንስ 3፥16 ዓለም ሌላ ቃል ነው፤ ኮስሞስ። «አትምሰሉ» የሚለው ግስ ደግሞ ስኬማ ከሚል ቃል ይወጣል፤ የመነኮሳቱ አስኬማም ከዚያው የመጣ ነው። ጳውሎስ የከለከለው እንግዲህ የዘመኑን ልማድ እንደ ልብስ ማጥለቅን ነው። ከጎረቤት ራቁ አላለም፤ እንዲያውም እንዲያ ቢሆን ከዓለም መውጣት ሊኖርባችሁ ነው ብሏል (1ኛ ቆሮንቶስ 5፥10)።

ጓደኞችዎ ቁጥር 2 ላይ ቆመዋል። ወረድ ቢሉ «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» (ቁጥር 15) የሚለውን ያገኙት ነበር። ቅሬ ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አለው? መዋጮ ይክፈሉ፣ መቃብር ይቆፍሩ፣ ድንኳን ይትከሉ። ጸሎቱን ሁሉም በየእምነቱ ያደርሳል። የሥጋው ነገርም በወሎ ድሮ የተፈታ ነው፤ እያንዳንዱ ለየራሱ ያርዳል።

ንባቡ ሲቀጥል 13፥7 ላይ «ግብር ለሚገባው ግብርን፥ ቀረጥ ለሚገባው ቀረጥን» ይላል። ለቅሬው የተጠቀሰብዎት መልእክት ደረሰኙን ነው የነካው! «ሁሉም ያደርገዋል» ማለት ራሱ ዘመኑን መምሰል ነው።

ላስተካክል የሚል ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ከሽያጩ ስለሚጀምር ነው። ከግዢው ይጀምሩ። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆኑና ከታክስ በፊት በ10,000 ብር የገዙትን በ12,000 ከሸጡ፣ ከገዢው የሚሰበስቡት 15 በመቶ 1,800 ብር ነው። የግዢ ደረሰኝ ካለዎት በግዢ ጊዜ የከፈሉት 1,500 ተቀናንሶ 300 ብር ያስገባሉ። ደረሰኝ ከሌለ 1,800ውን ሙሉ ይጠየቃሉ፤ «በእውነት ነግዶ አይኖርም» የሚባለውም እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ታክሱን የጨመረ አንድ ዋጋ ይለጥፉ።

ደንበኛን በድንገት አይጋፈጡ። ዳንኤል በባቢሎን አዲስ ስም ተሰጠው፣ የከለዳውያንንም ቋንቋ ተማረ፤ እምቢ ያለው የንጉሡን ማዕድ ነው፤ ያውም በልመና፣ ጥራጥሬና ውኃ በምትኩ አቅርቦ፣ የ10 ቀን መፈተኛ ሰጥቶ (ዳንኤል 1፥8-12)። እርስዎም ለነባር ደንበኞች ቀን ቆርጠው ይንገሩ። ጥሎ የሚሄድ ይኖራል፤ ያንን አስቀድመው በሒሳብዎ ያስገቡት።

ጥያቄ፦ ደሴ ነው የምኖረው፤ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥3 ሹሩባ መሠራትን ይከለክላል?

መልስ፦ ጥቅሱን እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ «ልብስን በመጎናጸፍ» የሚልም አለበት። ሹሩባ ከተከለከለ ልብስም ተከልክሏል ማለት ነው! ጴጥሮስ የሚለው ጌጥሽ እሱ ብቻ አይሁን ነው። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥9 ሹሩባን ከወርቅ፣ ከዕንቁና ከውድ ልብስ ጋር ስለሚያነሣው፣ መጠየቅ ያለብሽ ዋጋውን ነው፤ ለሠርግ ወርቅ ብለሽ ብድር ውስጥ ከምትገቢ ሹሩባሽን ተሠሪ።