ፋሻው ሲቀየር ልጄ ይጮኻል

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ የፈላ ሻይ ተደፍቶበት ክንዱ ተቃጥሏል። ፋሻው በተቀየረ ቁጥር ጩኸቱ አይጣል ነው፤ ነርሷን ገና ከበር ሲያያት ይጀምራል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ስለ ማስታገሻው ጠይቂ። የሚዋጥ ከሆነ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይሰጠው፣ አለዚያ ሥራ የሚጀምረው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ነፍስ የሚያወጣው ደግሞ ቁስሉ ላይ የደረቀ ጎዝ (ስሱ የቁስል ጨርቅ) ሲሳብ ነው፤ ጥሩ ነርስ በሳላይን (በንጹሕ የጨው ውሃ) አርሳ፣ ትንሽ ጠብቃ፣ ከዳር ከዳሩ ቀስ እያለች ታላቅቀዋለች። ካልተደረገ ጠይቂ፣ መብትሽ ነው። ጭንሽ ላይ አስቀምጪው፤ እጁን ሲያነሳ ለአፍታ እንዲቆምለት ከነርሷ ጋር ተነጋገሩ። «አያምህም» አትበይው፣ አንዴ ከዋሸሽው ሁለተኛ አያምንሽም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚሉሽንም ተያቸው፣ ያልቅስ።