ነሐሴ ላይ ቢሮ አትቀመጡ
የዓሣ ሀብት ተምራችሁ ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ፤

ጣና ላይ ብትመደቡ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ሐይቁ ላይ ነው። ጀልባውም፣ መረቡም፣ ሚዛኑም እዚያ ነው። የነጭ ዓሣ ዕጣ ግን የሚወሰነው ከጉና ተራራ በሚወርዱት በጉማራና በርብ፣ ከዚያም ወደ ላይ የአካባቢው ገበሬ ብቻ ስማቸውን በሚያውቃቸው ጅረቶች ነው።

ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። በሳይንስ ስሙ ላቢዮባርበስ ይባላል፤ ጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ ሌላ የትም አይገኙም። ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ክረምት ላይ ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው ጥርት ያለ ውሃ በሚሮጥበት ጠጠር ላይ ነው። እንቁላሉ ጠጠሩ መሀል ይሸጎጣል፣ የሚያልፈው ውሃ ኦክስጅን ያቀብለዋል። ደለል ከተኛበት ግን ይታፈናል። ጎንበስ በሉና ድንጋዩን አንስታችሁ ሥሩን ዳስሱ። እጃችሁ ላይ ጭቃ ከቀረ ሪፖርታችሁን ከዚያ ጀምሩ።

ዓሣው ከመውጣቱ በፊት ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት ቦታ ይሰበሰባል። አጥማጁ ይህን ከእኛ ቀድሞ ያውቃል፤ መረቡን እዚያው ይዘረጋል። እናቲቱ ከነእንቁላሏ ትያዛለች። ከላይ ደግሞ ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ የሚበትን አለ፤ ትልቁም ትንሹም አብሮ ይንሳፈፋል። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብቻ የነጭ ዓሣ መጠን ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል። ፊሊፒንስ ያለው የላናኦ ሐይቅም የራሱ ብቻ የሆኑ 17 ዝርያዎች ነበሩት። በ2013 ዓ.ም. 15ቱ ጠፍተዋል ተባለ።

አዋጅ ጠፍቶ አይደለም፤ ቁጥር 315/1995 አለ። ችግሩ ዓሣው ወደ ወንዝ የሚወጣበት ነሐሴ ነው። መንገዱ ጭቃ ነው። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ አዲሱ እስኪለቀቅ ዓሣው ወጥቶ ተመልሷል። ፍልሰታም በዚሁ ወር ነው፤ በጾም ዓሣ ፈላጊው ይበዛል። ስለዚህ የመስክ ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ ተሟገቱበት። ቦት ጫማውን ከኪሳችሁም ቢሆን ግዙ። (እኔ በዚህ ጉዳይ ከፋይናንስ ሰዎች ጋር የተጨቃጨቅኩት ለጉድ ነው።)

አጥማጁ ጋ እንደ ፖሊስ አትሂዱ። እሱም ልጆች አሉት። «አታጥምድ» ካላችሁት ማታ ይመጣል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ግን የሚራባው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነው። «ነጭ ዓሣ የሚወጣበትን ሁለት ወር ከወንዙ ራቅ በልና ቆሮሶ ላይ ሥራ» በሉት። ይሰማችኋል፤ በተለይ ጎረቤቱም መረቡን ሲያነሳ ካየ።