«በዚህ ወረዳ አልተጠናም» ብቻውን የጥናት ክፍተት አይደለም

ልጆች፣ የማስተርስ ፕሮፖዛል ይዛችሁ ስትመጡ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጠፋም፦ «በዚህ ወረዳ ከዚህ በፊት ጥናት አልተካሄደም»። እሺ፣ አልተካሄደም። ግን ለምን ይካሄድ? የጎረቤቱ ወረዳ ውጤት እዚህ የማይሠራበት ምክንያት ካለ ንገሩኝ። ከሌለ የሰዎቹን ጊዜ አትውሰዱባቸው።

ዝሆኔን እንውሰድ። በትንኝ የሚተላለፈውን አይደለም፤ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣውን፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን ነው። እውነተኛው ክፍተት የት እንዳለ ለማየት ወረቀት አውጡና ሰንጠረዥ ሥሩ። ወደ ታች የሚደረገውን ጻፉ፦ ጫማ፣ እግር መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ቀዶ ሕክምና፣ መገለልን የሚቀንስ ትምህርት። ወደ ጎን የሚለወጠውን፦ እብጠቱ፣ ትኩሳት ይዞ በድንገት የሚነሳው ግርሻ፣ የሥራ አቅም፣ መገለል፣ ወጪ። ከዚያ ያገኛችሁትን ጥናት ሁሉ በየሳጥኑ አስገቡ።

በሽታው የት እንዳለና ስንት ሰው እንደያዘ የሚናገሩ ጥናቶች ሞልተዋል፣ ጠቃሚም ናቸው፣ ግን እዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ አይገቡም፤ ምን ቢደረግ ምን እንደሚለወጥ አይነግሩንማ። በ2018 እ.ኤ.አ. ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው የጤና ምርምር መጽሔት ላይ የወጣው የምሥራቅ ጎጃሙ ጥናት ግን ይገባል። ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት መድቦ፣ የእግር ንጽሕና፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ አንድ ላይ ሲሰጡ ግርሻው እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ «አንድ ላይ» ነው ያልኩት። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ብቻውን ምን ያህል እንደሠራ ከዚህ ጥናት አታውቁም። ሳጥኑ ተሞልቶም ጥያቄው አላለቀም፤ እኔ ክፍተት የምለው እንዲህ ዓይነቱን ነው።

ባዶ ሳጥን ስታዩ ደግሞ ቶሎ ደስ አይበላችሁ። መጀመሪያ ፍለጋችሁን ጠርጥሩ። ይህ በሽታ «ሞሲ ፉት» ተብሎም ተጽፎበታል፣ «ነን ፊላሪያል ኤለፋንታያሲስ» ተብሎም። በአንዱ ስም ብቻ ከፈለጋችሁ ሌላው ያመልጣችኋል። ጉግል ስኮላር ላይ አትቁሙ፦ በዩኒቨርሲቲያችሁ በኩል ሂናሪን፣ የጤና ምርምር መጽሔቶችን የሚያስነብበውን የዓለም ጤና ድርጅት አገልግሎት፣ ተጠቀሙ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመመረቂያ ጽሑፎች አገላብጡ፣ የጤና ቢሮዎችን ሪፖርት ጠይቁ። የፈለጋችሁበትን ቃልና ቀንም መዝግቡ፤ ያለዚያ «አላገኘሁም» ስትሉ የሚያምናችሁ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ወደ ጎን የምትጽፉትን ዝርዝር ከጽሑፍ ብቻ አትቅዱ። እኛ ባለሙያዎች የእግር ዙሪያን በሴንቲሜትር መለካት ይቀናናል። ታማሚዋ ግን ገበያ መውጣቷን፣ ልጇን መዳሯን፣ ቤተ ክርስቲያን ከሰው ጋር መቆሟን ልታስብ ትችላለች። እነዚህ ሰንጠረዡ ላይ ከሌሉ ባዶ መሆናቸውን እንኳ አታዩም። ስለዚህ ሰንጠረዡን ከመጨረሳችሁ በፊት አንድ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ፣ ተራ ከሚጠብቁት አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ።