አባቴን የሆንኩት መቼ ነው?

ጥያቄ፦

ይድረስ ለጋሼ፤

አርባ ዓመቴ ነው። ባለትዳር ነኝ፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። በ1997 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ሚያዝያ 30 ቀን ለተቃዋሚዎች የምርጫ ሰልፍ መስቀል አደባባይን ከሞላው ሕዝብ መካከል አንዷ ነኝ። ያን ዕለት ጠዋት አባቴ በር ላይ ቆሞ «አርፈሽ ተማሪ። መንግሥት ይሄዳል፣ መንግሥት ይመጣል፤ አንቺን ግን ማን ይተካልኛል?» አለኝ። «ፈሪ ነህ» ብዬው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ በቅጡ አልተነጋገርንም። አሁን ሰባ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ፖለቲካ የሚባል ነገር በመካከላችን አይነሳም።

ባለፈው ወር ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ስለ አገር ጉዳይ ስትከራከር ሰምቼ ክፍሏ ገባሁና ተቆጣኋት። ከአፌ የወጣው ቃል በቃል የአባቴ ነበር። እሷም ያኔ እኔ ያልኩትን መለሰችልኝ። ያኔ መሬት የግል ይሁን እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ እሟገት ነበር። አሁን የባንክ ዕዳ ያለበት ኮንዶሚኒየም አለን፣ «ሰላም ይሁን እንጂ ማንም ያስተዳድር» ስል ራሴን እሰማለሁ። የድሮ ጓደኞቼ «ተመቸሽ መሰለን» ይሉኛል። ይህ መብሰል ነው ወይስ መሸነፍ? በምን ልለየው?

ሰ. ከአዳማ

መልስ፦

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት ገና ከመካከሉ ሳልደርስ ሳቀች። የሳቀችው በአንቺ አይደለም፣ በእኔ ነው። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ሃያ ዓመቴ ነበር። ወደ 60,000 የምንጠጋ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ስንበተን ለእኔ አርሲ፣ ጭላሎ ደረሰኝ። እዚያ ባለመሬቱ ትራክተር እያስገባ ጭሰኛውን ማስነሳት ከጀመረ ሰነባብቶ ነበር። ስለዚህ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገንም። እኔ በአማርኛ አነባለሁ፣ ጓደኛዬ በኦሮምኛ ይተረጉማል። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር አይበልጥም፤ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ በወለድ አገድ አይያዝም። ሴቶቹ እልል አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የምርታቸውን እኩሌታ ለሰው ጎተራ ሲሰፍሩ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ግን ከኋላ ተነሱና እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ «ባለመሬቱን አውቀዋለሁ። ሲከፋኝ ደጁ ሄጄ እለምነዋለሁ። ይህን መንግሥት የምትሉትን የት አገኘዋለሁ?» ሳቅንባቸው። እኔማ «መንግሥት እርስዎ ነዎት!» ብዬ ጭብጨባ አተረፍኩ።

የሽማግሌው ጥያቄ መልስ እንዳላገኘ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። እናቴ ጉለሌ ውስጥ አባቴ ትቶላት የሞተ የጭቃ ቤት ነበራት፤ በአንዱ ክፍል ትኖራለች፣ ሁለቱን ታከራያለች። መተዳደሪያዋ እሱ ነው። እኔ ደግሞ ከጭላሎ ሆኜ ደብዳቤ ጻፍኩላት፤ «እናቴ ደስ ይበልሽ፣ ከእንግዲህ ከሰው ላብ አትበዪም» የሚል። ይህን አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል። አንብቦ የሰጣት የሰፈር ልጅ አፍሮ ያቺን አረፍተ ነገር ዘለላት አሉ። እግዜር ይስጠው።

ተመልሼ ስመጣ ሁለቱ ክፍሎች የቀበሌ ሆነዋል፣ ኪራዩም በግማሽ ተቀንሷል። ከአንዱ ክፍል ተከራይ የነበሩት አራት ልጆች የሚያሳድጉ ልብስ አጣቢ ናቸው። በተረፋቸው ገንዘብ ሁለቱን ትልልቆች ትምህርት ቤት አስገቡ። ይህን በዓይኔ ስላየሁ፣ «የ1967ቱ ነገር ሁሉ ስሕተት ነበር» የሚል ዕድሜ ጠገብ ሰው ሲገጥመኝ ዛሬም አልስማማም። እናቴ ግን ከአጣቢዋ ክፍል ጋር የተያያዘው ጣሪያ ሲያፈስ በራሷ ገንዘብ ቆርቆሮ ልትቀይር ቀበሌ ሄደች። «ንብረቱ የመንግሥት ነው፣ አይነካም» አሏት። መንግሥትም አልቀየረው። በየክረምቱ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ሳፋ ላይ ጠብ ጠብ የሚለውን ያዩታል፤ ሳፋው የአጣቢዋ ነው፣ ቡናው የእናቴ። «የጣሪያውን ቆርቆሮ ማን ይቀይርልኛል?» እያለች ኖረች እናቴ። እኔ ይህን የንብረት ስስት እለው ነበር።

ከዚያ 1969 መጣ፣ የቀይ ሽብር ዘመን። ከአንድ ወንበር የተማርን ልጆች አንዱ ከመኢሶን ጋር ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ»፣ ሌላው ከኢሕአፓ ጋር በደርግ ፋንታ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት» እያለ፣ ከሁለቱም ወገን ስንቶች እንደቀሩ አልቆጥርልሽም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። አንድ ምሽት ለስብሰባ ልወጣ ስል ጫማዬን አጣሁት። አልጋ ሥር፣ ጓሮ፣ ሁሉ ቦታ ፈለግኩ። እናቴ እንጀራ እየጋገረች «እኔ ምን አውቄ» ትላለች። ጮህኩባት፣ ኋላ ቀር አልኳት፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ተኛሁ። ጠዋት ጫማዬ ከነዱቄቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። በዱቄት በርሜል ውስጥ ነበር ያደረው። ያን ምሽት ወደዚያ ስብሰባ ከሄዱት ውስጥ ሁለቱ አልተመለሱም።

ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ። ለአሥራ ሦስት ዓመት ያህል ጂኦግራፊ አስተማርኩ፣ በኅብረት ሱቅ ለስኳር ተሰለፍኩ፣ ዝም አልኩ። ሰዎች «በሰለ» ይሉኝ ነበር። ልብ በይ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ሐሳቤ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ድምፄ ነው። አንቺም ለልጅሽ የተናገርሽውን ከዚህ ነው የምመድበው። አመለካከትሽ ተለውጦ አይደለም፤ ጫማ እየደበቅሽ ነው። ይህ መሸነፍም መብሰልም አይደለም፣ እናትነት ነው። ጥፋቱ ፍርሃቱን የዕውቀት ልብስ ማልበሱ ላይ ነው። «አገር አላወቅሽም» አትበያት፤ «ፈርቼልሻለሁ» በያት። ልዩነቱን ወዲያው ታውቀዋለች፤ እኔም ያን ጊዜ እናቴ እንዲህ ብትለኝ ምናልባት እቀመጥ ነበር። ባልቀመጥም አልጮህባትም።

የመሬቱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ ጓደኞችሽ በከፊል ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ አትቀየሚኝ። አገራችን ውስጥ ያልተለወጠ ሐሳብ የለም፤ ደርግ ራሱ የካቲት 1982 ላይ «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ብሎ የሻረውን መልሶ ፈቀደ፤ በረሃ ሳሉ የአልባኒያን ሶሻሊዝም ሲያደንቁ የነበሩት ታጋዮችም አዲስ አበባ ሲገቡ ስለ ገበያ ማውራት ጀመሩ። መሬት ብቻ ከ1967ቱ አዋጅ ወደ 1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ሲሻገር አይሸጥም አይለወጥም እንደተባለ ቀረ። አንቺ በሃያ ዓመትሽ ይህ ይለወጥ አልሽ። አሁን ግድ አይሰጥሽም። ለምን? መረጃ ቀይሮሽ ነው? መሬት በግል ሲያዝ የሚመጣ ጉዳት አይተሽ ነው? ወይስ ያንቺ ጉዳይ በኮንዶሚኒየሙ ካርታ ተጠናቅቆ ነው?

አሁን ወደ ባለቤቴ ሳቅ ልመለስ። ጡረታዬን እንዲደጉመኝ ከቤቴ ጀርባ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ሠርቼ አከራያለሁ። በ2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ወጣ፤ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ኪራይም እንዳሻህ አትጨምርም የሚል። እራት ላይ ስለ ንብረት መብት ንግግር ማድረግ ጀመርኩ። የሲሚንቶ ዋጋ ጠቀስኩ፣ ግብር ጠቀስኩ፣ እጄን አወዛወዝኩ፣ በመጨረሻም «የጣሪያውን ቆርቆሮ ማን ይቀይርልኛል?» አልኩ። ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠችና «ያ ከጭላሎ ደብዳቤ የጻፈው ዘማች የት ሄደ?» አለችኝ። ከጀርባ የምትኖረው ተከራዬ አንድ ልጅ ይዛ በፈረቃ የምትሠራ ነርስ ናት። ያቺ አጣቢ ማለት ናት፤ እኔ ነኝ ግቢ የቀየርኩት።

አድሬ ሳስበው፣ የእናቴን ጣሪያ አይቼ የተማርኩት አንድ ነገር ነበር፦ የማንም ያልሆነ ቤት ጠጋኝ እንደሌለው። ይህን ያኔ ተከራይ ብሆንም አምነው ነበር፤ ይህ የዓይኔ ነው። የእራቱ ንግግር ግን የኪሴ ነበር፤ ሁለቱን ክፍሎች ብሸጣቸው በማግሥቱ ይተነኝ ነበር። አንቺም በዚህ ሚዛን ልትሞክሪው ትችያለሽ። ነገ ቤቱን ብታጪ «ማንም ያስተዳድር» ትያለሽ ወይ? እኔ ልመልስልሽ አልችልም፤ ቤቱም ዕዳውም ያንቺ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከደብዳቤሽ ላይ አሰላሁ። አባትሽ ሰባ ሁለት ከሆኑ በ1969 ሃያ አራት ዓመታቸው ነበር። «ፈሪ» ስትያቸው የት እንደነበሩ፣ ያን ዓመት ማንን እንደቀበሩ ታውቂያለሽ? በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም፤ ጠይቀሽም የምታውቂ አልመሰለኝም። በሚመጣው ቅዳሜ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ። ቡና ሲፈላ እንዳታነሺባቸው፣ ሰው ይበዛል። ጎረቤቱ ሲበተን፣ ልጅሽ ሲኒ እያጠበች ሳለ ጠይቂያቸው።