ከጂንካ እስከ አዲስ አበባ፣ ለገና የትኛውን እንይ?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ጂንካ አካባቢ በወንጌል አገልግሎት ላይ ያለን ባልና ሚስት ነን። ለገና አዲስ አበባ እናትና አባቴ ጋ እንወጣለን። እስከ ዛሬ ስንመላለስ ለመድረስ ስለምንቸኩል የትም ቆም ብለን አናውቅም። ዘንድሮ መኪና ተውሰናል፣ አራት ቀንም አለን። የሃይማኖትም የታሪክም ቦታ እያየን መሄድ ፈለግን። ሁለት ነገር ግን ያሳስበኛል። ፕሮቴስታንቶች ነን፤ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ገብተን ብናይ ቅር የሚለው ይኖር ይሆን? ሌላው፣ ባለቤቴ «አገልጋይ ዕረፍት የለውም» ብሎ አንድ ካርቶን ትራክት (የሚታደል የወንጌል ወረቀት) ሊጭን ነው። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል።
እህታችሁ፣ ከጂንካ

መልስ፦ እህቴ፣ ከካርቶኑ ልጀምር። ጂንካ ይቅር። ባለቤትሽን አክብሬ ነው የምለው። በምትሄዱባቸው ቦታዎች በር ከፍተው የሚያስገቧችሁ ሰዎች በእንግድነት ነው የሚቀበሏችሁ። እንግዳ ደግሞ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል። ወረቀት ብታድሉ ቄሱ ለሚቀጥለው ሰው በሩን ለመክፈት ሁለቴ ያስባሉ። አንቺም ደክሞኛል ብለሻል። ይሄ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። ከመነሳታችሁ በፊት የወይጦና የኮንሶን መንገድ ወሬ ከሹፌሮች ጠይቁ። ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሌሊት አትንዱ።

ኮንሶ ላይ ካራት ከተማ ግቡና የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙ። እርከኖቹና በድንጋይ ካብ የታጠሩት መንደሮች እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። ድንጋዩ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ነው የተካበው፤ ትውልድ እየተቀባበለ ሲጠግነው እዚህ ደርሷል። ዋካ የሚባሉትን የእንጨት ምስሎች ስታዩ ባለቤትሽ «ጣዖት ነው» ለማለት ይቸኩል ይሆናል። ዋካ የመቃብር መታሰቢያ ነው። ጀግናው መሐል ይቆማል፣ ሚስቶቹ ከጎኑ፣ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎችም አብረው ይቀረጻሉ። የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ በእንጨት ተጽፎ ማለት ነው። አስጎብኚውን ይሄ ማን ነበር ብላችሁ ጠይቁት።

አርባ ምንጭ እደሩ። ዓሣ ብሉ፣ ሐይቁን እዩ፣ ተኙ።

ወላይታ ሶዶን ግን እንዳታልፉት። እናንተ ዛሬ የምትሠሩት ሥራ በደቡብ ሥር ከያዘባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የተባለው የፕሮቴስታንት ሚስዮን ሰዎች ወላይታ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። መሪያቸው አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ ነበር። ጣሊያን በ1937 ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። ወንጌሉን ያደረሱት የአገሬው ሰዎች ናቸው፤ በእግራቸው እየዞሩ፣ መሪዎቻቸው እየታሰሩና እየተገረፉ። ይህን ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ መስማት ከማንኛውም ሐውልት ይበልጣል ባይ ነኝ። ከዚህ ሥራ ከወጣችው ከቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ሶዶ ያለች አንዷ ጋ ጎራ በሉና አንድ አረጋዊ አማኝ ፈልጉ። ግማሽ ቀን ስጡት። ባለቤትሽም ዕረፍት ላይ ሆኖ አገልግሎት የሚማርበት ቦታ ይኼ ነው።

ሆሳዕናንና ወራቤን ነዳጅ እየሞላችሁ እለፉ። ቡታጅራ ግን ቁሙ፤ የቡታጅራ ልጅ ነኝና አድልዎ አለብኝ። ገና ሳይደርስ ጾመ ነቢያት ቢሆንም ክትፎ አይጠፋም፤ ከተማው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚኖርበት ነው። ለብለብ አስደርጉት፣ በቆጮ ብሉት።

ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የጥንት ትክል ድንጋዮች የቆሙበትን ጢያን ታገኛላችሁ። ልጅ ሆነን ትልልቅ ሰዎች «የግራኝ ድንጋይ» ነበር የሚሉት። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ ተመዘገበ። 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ላይ ምልክት ተቀርጿል። በብዛት የምታዩት ሰይፍ ነው። አንዱ ድንጋይ ላይ የሰይፎቹን ቁጥር ቁጠሩ፣ ቀጥሎ ካለው ጋር አስተያዩ። አስጎብኚዎቹ የሰይፉ ብዛት የሟቹን ጀግንነት ያሳያል ይላሉ። አርኪዮሎጂስቶች ከሥሩ ሲቆፍሩ ወጣቶች አገኙ፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚገመቱ፣ በማኅፀን እንዳለ ሕፃን ተኮራምተው የተቀበሩ። እኔን ሁልጊዜ የሚነካኝ ይሄ ነው። ያን ሁሉ ድንጋይ ያቆመው ልጁን የቀበረ ወላጅ ይሆን እላለሁ።

ከጢያ አለፍ ብላችሁ ወደ ግራ የምትገነጠለው መንገድ አዳዲ ማርያም ታደርሳለች። ከአንድ ኮረብታ የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ዙሪያዋ ተቆፍሮ እሷ ጉድጓዱ ውስጥ ቀርታለች፤ ከላሊበላዎቹ ታንሳለች፣ ጠረቧም ሸካራ ነው። ትውፊቱም ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣታል። በቦዩ ግድግዳ ላይ የባሕታውያን ዋሻዎች አሉ፤ ጎንበስ ብላችሁ እዩዋቸው።

የጠየቅሽኝ የዚህ ዓይነቱን ቦታ ነውና ዘርዘር ላድርገው። ጠዋት ቅዳሴ ካለ እስኪያልቅ ውጭ ቆዩ። ጫማ በሩ ላይ ይወልቃል፤ ወፍራም ካልሲ ያዙ፣ ምንጣፉ ቁንጫ አያጣውም። አንቺ ነጠላ ልበሺ። በወር አበባ ላይ ከሆንሽ እንደ ሥርዓታቸው ውስጥ አይገባም፤ ዙሪያውን ማየት ትችያለሽ። ውስጡ ጨለማ ነው። የስልክ መብራት ወደ ወለሉ ይሁን እንጂ ወደ መቅደሱ መጋረጃ አታብሩ። ፎቶ አስፈቅዳችሁ ብቻ። ስጦታ ካላችሁ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጨምሩ፤ ላስጎበኛችሁ ሰው የምትሰጡት ሌላ ነው።

ካህኑ መስቀል ቢዘረጉላችሁስ? ካላመናችሁበት መሳለም ግዴታችሁ አይደለም። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ዝቅ በሉ፤ ያከብራሉ። ከየት ናችሁ፣ ምን ናችሁ ቢሏችሁ አትደብቁ። «ፕሮቴስታንት ነን አባ፣ ቤቱን ለማየት ነው የመጣነው» በሉ። እኔ በዚህ ምክንያት የተመለሰ ሰው አላየሁም። ክርክር ቢነሳ ግን አመስግናችሁ ውጡ።

መልካ ቁንጥሬም መንገዳችሁ ላይ ነው። ጊዜ ከተረፋችሁ የአዋሽ ዳር የጥንት ሰዎችን የድንጋይ መሣሪያ እዩ፤ ካልተረፋችሁ ለመልስ ጉዞ አቆዩት።

አዳዲን ከገና ዋዜማ በፊት ጨርሱ፤ በዋዜማው ካህናቱ ለሌሊቱ አገልግሎት ይዘጋጃሉ። ከዓለም ገና ወዲህ ያለው መንገድም ያን ቀን በበግና በዶሮ ነጋዴ ይጨናነቃል። ስለዚህ ታኅሣሥ 27 ማታ ወላጆችሽ ቤት መግባት የሚያስችላችሁን ቀን ቆጥራችሁ ከጂንካ ተነሱ።