ቴስታታው ከመፈታቱ በፊት የራዲያተሩን ክዳን እይ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ከአባቴ የወረስኳት የ1985 ሞዴል ኮሮላ ዲኤክስ ስቴሽን ዋገን አለችኝ። ሜዳ ላይ ደህና ናት። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ግን ትግላለች፣ ውሃዋም ይፈላል። ጋራዥ ‹ቴስታታው ይፈታ› አሉኝ። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ የለኝም። ቤቴ ሆኜ ምን ልሞክር?»

ወንድሜ፣ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ለጊዜው አታስነካ። ሜዳ ላይ ሳትግል ዳገት ላይ ብቻ የምትፈላ መኪና ብዙ ጊዜ ችግሯ በርካሽ የሚገኝ ነገር ነው።

ከራዲያተር ክዳን ጀምር። ባሕር ጠረፍ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከፍታ ላይ ስለሆነች 92 ገደማ ላይ ይፈላል፤ እንጦጦ ጫፍ ደግሞ 90 ገደማ ላይ። ጤነኛ ሞተር ዳገት ሲገፋ እዚያው ሙቀት ላይ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ውሃው ይፈላል። 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር የተጻፈበት ደህና ክዳን ግን ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ እንዳይፈላ ያደርገዋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክፈተውና የክዳኑን የውስጥ ጎማ እይ። ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደህ ያው ቁጥር ያለበትን ግዛ። አፉ ስለገጠመ ብቻ አትውሰድ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ደንበኛ ቴስታታ ፈትቼ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጋስኬቱን፣ ቀየርኩ። መኪናዋ በማግስቱ እንደገና ፈላች። ጥፋቱ የክዳኑ ነበር። ያ ሰው ያወጣው ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቀጥሎ ቴርሞስታቱን ፈትሽ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው እሱ ነው። ብዙ መካኒክ «መኪና ያግላል» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ያለ እሱ ሞተሩ ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። ይልቅ አውጣውና በድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥለህ ምድጃ ላይ ጣደው። 82 (ዲግሪ) የሚል ከተጻፈበት ውሃው ከመፍላቱ በፊት መከፈት ሲጀምር ታየዋለህ። ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት ግን አትጠብቅ፤ ለዚያ 95 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል፣ የእኛ ውሃ ደግሞ ቀድሞ ይፈላል። ውሃው ፈልቶ ጭራሽ ካልተከፈተ ቀይረው።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቺንጋውን በአውራ ጣት መሐሉ ላይ ተጫን። ከአንድ ሴንቲ ብዙ ከወረደ አጥብቀው፤ የላላ ቺንጋ ቬንትሌተሩንም የውሃ ፓምፑንም ያሰንፋል። ከዚያ ሰው ነዳጅ ይስጥልህና የታችኛውን የራዲያተር ቱቦ ተመልከት። ወደ ውስጥ ተስቦ ከተጣበቀ ውሃ አያሳልፍም። ራዲያተሩ ላይ የተሰገሰገውን አቧራና ቅጠል ከሞተሩ በኩል በቀስታ በሚፈስ ውሃ እጠበው። በኃይለኛ ግፊት ካጠብከው ክንፎቹ ይታጠፋሉ። ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ የራዲያተሩን ፊት በእጅህ ዳብስ፤ መሐሉ ላይ ቀዝቃዛ ቦታ ካለ እዚያ ተደፍኗል። ራዲያተር ሠሪዎች ከፍተው ይጠርጉታል፣ አዲስ መግዛት የለብህም። ስትሞላው የቧንቧ ውሃ ብቻ አትጨምር። አንቲፍሪዝ (ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚጨመረው ፈሳሽ) ቀላቅልበት፤ እዚህ ውሃ በረዶ ባይሆንም ዝገት ይከላከላል።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። መንገድ ላይ ስትፈላ ክዳኑን አትክፈት፣ ፊትህን ያቃጥልሃል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምር፣ ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል። ቁም፣ ሞተሩን አጥፋ፣ እጅህን ያለ ችግር እስክታሳርፍበት ጠብቅ።

ይህን ሁሉ አድርገህ ካልተሻላት የቴስታታውን ጋስኬት ራስህ መርምር። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ክፈትና አስነሳ። ከውሃው አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ወይም የዘይት መለኪያው ላይ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካየህ፣ ጋራዡ ልክ ነው። ያኔ ቴስታታው ሲፈታ አጠገቡ ቁም፤ አዲሱ ጋስኬት ከመግባቱ በፊት ቴስታታው መጣመሙን በቀጥ ያለ ብረት አስለካ።