አሻንጉሊቶቻችን የሕይወት ታሪክ ያስፈልጋቸዋል ወይ? ጥያቄና መልስ

አሻንጉሊት መሰብሰብ ከጀመርኩ 16 ዓመት ሞላኝ። መደርደሪያዬ ላይ አሁን 43 አሉ። ግማሾቹ ስም፣ ዕድሜና አመል አላቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ሰሞኑን «ለአሻንጉሊት ታሪክና ጠባይ መፍጠር አለብን ወይስ የለብንም?» የሚል ክርክር ሲጦፍ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ አልኩ። ጥያቄው ዘነበ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ አሻንጉሊቶች አሉኝ፣ አንዷም ስም የላትም። ሌሎች ሰብሳቢዎች «ይቺ ማን ትባላለች?» ሲሉኝ አፍራለሁ። ግዴታ ነው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ቴምብር የሚሰበስብ ሰው ለቴምብሩ ስም አያወጣም፣ ማንም አይታዘበውም። አንዱ አሻንጉሊት የሚገዛው ለልብሷ ስፌት ነው፣ ሌላው ለፊቷ ቅብ፣ ሌላው ለፋብሪካዋ ታሪክ። ከጠየቁሽ የሞዴሏን ስም ነግረሽ እለፊ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ትልቅ ሰው አይደለህ እንዴ? ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው» ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

መልስ፦ በ1927 የሆነውን ንገራት። ሲድኒ ጉሊክ የሚባል፣ ጃፓን ውስጥ ረጅም ዘመን የኖረ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ነበር። በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረው ቅሬታ ስላሳሰበው፣ ለጃፓን ልጆች አሻንጉሊት እንላክ አለ። ከ12,000 በላይ አሻንጉሊቶች ተላኩ። ከየስማቸው ጋር ፓስፖርትና የመርከብ ቲኬት ተሰጥቷቸው ነበር፣ ቀልድ አይደለም። ጃፓንም በዚያው ዓመት 58 የሚያማምሩ ትልልቅ አሻንጉሊቶች በምላሹ ላከች። እነሱም ስም ነበራቸው፣ የቤት ዕቃቸውን ሳይቀር ይዘው ነው የሄዱት። ይህን ሁሉ ያቀዱት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። በኋላ በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲመጣ፣ ጃፓን የደረሱት «የጠላት አሻንጉሊት» ተብለው ብዙዎቹ ጠፉ። አንዳንዶቹን ግን ሰዎች ደብቀው አተረፏቸው። እኔ ሁሌ የማስበው፣ ስምና ፓስፖርት ባይኖራቸው ኖሮ ያን ጊዜ ማን ብሎ ራሱን አደጋ ላይ ይጥልላቸው ነበር?

ሌላም አለ። በ1944 ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ሲመል የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለሰዎች አንድ አጭር ፊልም አሳዩ። ፊልሙ ውስጥ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሦስት ማዕዘን፣ አንድ ክብም ይንቀሳቀሳሉ፤ ከእነሱ ሌላ ያለው በር ያለው አንድ አራት ማዕዘን ብቻ ነው። ያዩትን ተናገሩ ሲባሉ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ትልቁ ሦስት ማዕዘን ጉልበተኛ እንደሆነ፣ ሌሎቹን እንደሚያሳድድ፣ እነሱም እንደሚያመልጡት አወሩ። ሰው ለሦስት ማዕዘን ጠባይ ከሰጠ፣ ዓይንና አፍ ላላት አሻንጉሊት ቢሰጥ ምን ይገርማል? ባለቤትህም መኪናዋ አልነሳ ሲላት ትቆጣት ይሆናል እኮ፤ እስቲ አንድ ቀን ልብ ብለህ ስማት።

ጥያቄ፦ የባርቢ ሙሉ ስም ባርባራ ሚሊሰንት ሮበርትስ ነው፣ ታሪኳም ተጽፎ ያለቀ ነው ይሉኛል። እኔ ግን የራሴን ታሪክ ሰጥቻታለሁ። ጥፋት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፋብሪካው ራሱ እንደ ገበያው ሲለዋውጠው ነው የኖረው። ባርቢ በ1959 ገበያ ስትወጣ ስሟን ያገኘችው ከፈጣሪዋ ከሩት ሃንድለር ልጅ ነው፤ የአያት ስም፣ ቤተሰብና የትውልድ ከተማ የመጣላት በኋላ፣ በ1960ዎቹ በወጡ መጻሕፍት ነው። በ2004 ከኬን ተለያየች ብለው አወጁ፣ በ2011 ታረቁ አሉ። ባለቤቱ እንደዚህ ከቀያየረው አንቺን ማን ይከለክልሻል?

አሜሪካን ገርል የሚባሉት አሻንጉሊቶች ላይ ግን ትንሽ ቆም እላለሁ። ፕሌዛንት ሮውላንድ በ1986 ስትጀምራቸው አሻንጉሊቷና መጽሐፏ አብረው ነው የወጡት። ልጅቷ የምትኖርበት ዘመን አለ፣ ልብሷም ዕቃዋም ያንን ዘመን ተከትሎ የተሠራ ነው። አዲስ ታሪክ መስጠት ትችያለሽ፣ ግን የመጀመሪያውን ሳታነቢ አትጣይው። ብዙ ሰው ሳያነበው ነው የሚጥለው፣ ያ ያናድደኛል።

ካቤጅ ፓች የምትባለው አሻንጉሊት ደግሞ ከነስሟና ከነማደጎ ወረቀቷ ነው ከሳጥኑ የምትወጣው። በ1983 ገና ሰሞን ሰው ሱቅ ውስጥ የተጋፋላት አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ «ገዛሁ» አይባልም ነበር፣ «አሳደግሁ» ነው። ስሟን ብትቀይሪም ወረቀቱ ላይ እንዳትጽፊ! እለምንሻለሁ። ወረቀቱን እንዳለ አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ መገጣጠሚያዋ ኳስ የሆነ፣ ሬዚን በሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራች አሻንጉሊት አዝዣለሁ። ሳትደርስ ታሪኳን ጽፌ ልጨርስ ወይስ ልጠብቅ? ታሪክስ ከየት ይጀመራል?

መልስ፦ ጠብቂ። ይህን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። የመጀመሪያውን ወንድ አሻንጉሊቴን ሳዝዝ አሥራ አንድ ገጽ ጽፌ ነበር። ጦረኛ ነው፣ ወንድሙ ከድቶታል፣ ሌሊት አይተኛም፣ ምናምን። ሳጥኑን ስከፍት እንቅልፍ የሚጥለው ልጅ ወጣ። ዓይኑ ግማሽ ክድን ነው። ስምንት ወር ሙሉ ሰይፍ አስይዤ ታገልኩት፣ እሱ እያዛጋ ያየኛል። በመጨረሻ ተሸነፍኩና የሌሊት ዘበኛ አደረግሁት፤ የዚያን ቀን ገጠመ። አሁን ከሁሉም የምወደው ጠባይ የሱ ነው።

እነዚህ አሻንጉሊቶች፣ ቮልክስ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ1999 ሱፐር ዶልፊ የሚባለውን አሻንጉሊት ካወጣ ወዲህ የተስፋፉት ማለት ነው፣ ብዙዎቹ ፊታቸው አይስቅም አያለቅስም። አሠራሩ ነው። ዓይኑ ይወጣል፣ ጸጉሩ ይቀየራል፣ የፊቱ ቅብ ይጠረግና እንደገና ይቀባል። ዓይኑን ከውስጥ ትንሽ ወደ ላይ ብታዞሪው ሕልመኛ ትሆናለች፤ ወደ ጎን ብታደርጊው ነገረኛ። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ምንም ሳትጽፊ አስቀምጫት። ጠዋት እያት፣ ማታ እያት። ከታች ፎቶ አንሻት፣ ከላይ አንሻት። አንድ ዓይነት ስሜት ሦስት ጊዜ ከደጋገመብሽ እሱን ያዢው።

ስትጽፊ ደግሞ ከትልቁ አትጀምሪ። «አባቷ ንጉሥ፣ እናቷ ጠንቋይ፣ መንደሯ በእሳት ጠፋ» የሚል ታሪክ ስንት እንዳነበብኩ እግዜር ይወቀው። አንዱንም አላስታውስም። አንዲት ልጅ ግን ስለ አሻንጉሊቷ «ደብዳቤ ትጀምራለች፣ አትጨርስም» ብላ የጻፈችውን አንድ መስመር እስከዛሬ አልረሳሁትም። ያንን ካወቅሽ ጠረጴዛዋ ላይ ምን እንደምታስቀምጪ፣ ጣቷ ላይ ቀለም እንዳለ፣ ፊቷ ወደ መስኮት እንደሚዞር ራሱ ይመጣል። ፎቶ የምታነሺ ከሆነ በተለይ ይሄ ያግዝሻል።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፤ ታሪክ ገንዘብ ያድናል። ያማረኝን ሁሉ እገዛ ነበር። አሁን «ይሄን ጫማ ያቺ ታደርገዋለች?» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አታደርገውም።

ጥያቄ፦ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላት የሸክላ ፊት አሻንጉሊት ገዛሁ። የማን እንደነበረች አይታወቅም። የኋላ ታሪኳን ከራሴ ብፈጥር ችግር አለው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ እኔን በቀጥታ ይነካኛል። ከአሥር ዓመት በፊት አንዲት የጀርመን ሸክላ ፊት ነበረችኝ። የአንድ የመርከብ ካፒቴን ልጅ ንብረት ነበረች፣ የልጅቷ አባት ከሩቅ አገር አመጣላት ብዬ ታሪክ ሠራሁላት። ቆንጆ ታሪክ ነበር። በትንሽ ካርድ ጽፌ አንገቷ ላይ አሠርኩት። ስሸጣት ካርዱን ማውጣት ረሳሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያቺው አሻንጉሊት ለሽያጭ ቀርባ አየኋት። መግለጫው ላይ «የአንድ የመርከብ ካፒቴን ልጅ ንብረት የነበረች፣ በቤተሰብ የተረጋገጠ» ይላል። ዋጋዋም በዚያው ልክ ወጥቷል። ቤተሰቡ እኔ ነኝ እንግዲህ! ለሻጩ ጻፍኩለት። መልስ አልሰጠኝም። እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ የድሮ አሻንጉሊት ሲሆን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው መዝገቧ ነው፤ ማን ሠራት፣ መቼ፣ ከማን ገዛኋት፣ ምን ተጠገነ። ሁለተኛው ያንተ ፈጠራ ነው። ሁለቱ አንድ ወረቀት ላይ ከተኙ አንድ ቀን መደባለቃቸው አይቀርም።

ፈጠራውንም ቢሆን መዝገቡን ካየህ በኋላ ብትጀምረው ይሻላል። ጸጉሯን ቀስ ብለህ አንሳና ማጅራቷን እይ። የአምራቹ ምልክትና የቅርጹ ቁጥር ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ ከ1891 ጀምሮ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት በሕግ ተደንግጎ ነበር። ማጅራቷ ላይ «ጀርመን» የሚል ካለ እንግዲህ በ1870 የተወለደች ልጅ አሻንጉሊት ናት ብትል፣ የሚያውቅ ሰው ይስቅብሃል። መጠገኗ፣ ጣቷ መሰበሩ፣ ልብሷ ከሰው ቀሚስ ተቀዶ መሰፋቱ፣ ይሄ ሁሉ አንተ ልትፈጥረው ከምትችለው ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የት ልጻፈው?

መልስ፦ ለየብቻ ደብተር። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የማውቀው የንግሥት ቪክቶሪያን ነው። ሳትነግሥ በፊት፣ ልጅ ሳለች፣ 132 ትንንሽ የእንጨት አሻንጉሊቶች ነበሯት። ከሞግዚቷ ከሌዘን ጋር ነው ልብስ የሰፉላቸው፤ 32ቱን ያለበሰቻቸው ራሷ ናት። ብዙዎቹ በኦፔራና በባሌ ዳንስ ያየቻቸው ሰዎች ናቸው፣ የቤተ መንግሥት ወይዛዝርትም አሉበት። ዝርዝራቸው ደብተር ላይ ተጽፏል፤ ስሟ፣ ልብሷን ማን ሰፋላት፣ ማንን ነው የምትወክለው። አየሽ? ሰፊዋ እውነት ናት፣ የምትወክለው ሰው ጨዋታ ነው። ሁለቱም ተጽፈዋል፣ አልተደባለቁም። ደብተሩ ከሌለሽ ስልክሽ ላይ ሁለት ፋይል ክፈቺ። አሻንጉሊቷ ላይ ግን ምንም አትጻፊ፣ በእርሳስም ቢሆን።

ጥያቄ፦ «መንፈስ ያለባት» ተብላ በውድ የምትሸጥ አሻንጉሊት አየሁ። ልግዛት?

መልስ፦ ታሪኩን ቀንሰህ ዋጋዋን አስላ። ከዚያ ወስን። አታስፈራኝም፣ ሻጩ ነው የሚያስፈራኝ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ልጇን አጥታለች። አሁን በእውነተኛ ሕፃን አምሳል የተሠራች የቪኒል አሻንጉሊት ገዝታ የልጇን ስም ሰጠቻት። ልናገራት ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ከሰብሳቢነት ወጣ ያለ ነው፣ እኔም የሐዘን ሐኪም አይደለሁም። የማውቃቸው ሁለት ሴቶች እንደዚህ አድርገው ነበር። አንደኛዋ ዓመት ሳይሞላ አሻንጉሊቷን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠቻት፣ ማንም ሳይነግራት። እንዳትስቂባት፣ «አሻንጉሊት እኮ ናት» እንዳትያት። ያንን ከአንቺ በላይ ታውቀዋለች። ስሙን ስትጠራ አብረሽ ጥሪው፣ ስለ ልጇ ጠይቂያት። ከሰው ከራቀች፣ ሥራዋን ከተወች፣ እንቅልፍ ካጣች ግን ያኔ ስለ አሻንጉሊቷ ሳይሆን ስለ እሷ አውሪና ባለሙያ ጋ አብረሻት ሂጂ።

ጥያቄ፦ ስም ካወጣሁላት በኋላ መሸጥ አቃተኝ። ቦታ ጠበበኝ።

መልስ፦ ያው የታሪክ ዕዳው ይሄ ነው። ጃፓኖች ለዚህ መላ አላቸው፤ አሮጌ አሻንጉሊቶችን ወደ ቤተ መቅደስ ወስደው በጸሎት የሚሰናበቱበት ሥርዓት አለ። እኔ የማደርገው ቀለል ያለ ነው። ታሪኩን ከእሷ ላይ አነሳለሁ። ስሙ እኔ ጋ ይቀራል፣ ደብተሬ ውስጥ። አንዳንዴ ለሌላ አሻንጉሊት እሰጠዋለሁ። ገዢው የሚወስደው መዝገቧን ብቻ ነው። ታሪኳን ከጠየቀኝ በቃል እነግረዋለሁ፣ «የኔ ፈጠራ ነው» ብዬ ጀምሬ።

ጥያቄ፦ ታሪኬን ለሌሎች ሳካፍል «ይህ አይሆንም፣ ዕድሜዋ ልክ አይደለም» እያሉ ያርሙኛል።

መልስ፦ ስለ መዝገቧ ከሆነ ስሚያቸው። ስለ ፈጠራሽ ከሆነ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ጥያቄ፦ ከ43ቱ በጣም የምትወጃት የቷ ናት? ታሪኳስ?

መልስ፦ አንዲት የጨርቅ አሻንጉሊት አለች። ምልክት የላትም፣ ማን እንደሠራት አላውቅም። ግራ ጉንጯ ላይ ያለው ቅብ ሙሉ በሙሉ ተልጧል፣ ቀኙ ግን እንደ አዲስ ነው። አንዲት ልጅ ለዓመታት በአንድ ጎን አቅፋት ትተኛ ነበር ማለት ነው፣ ወይም ሁሌ እዚያው ቦታ ትስማት ነበር። ቀኝ እግሯ በሌላ ጨርቅ ተቀይሯል፣ ስፌቱ የትልቅ ሰው እጅ ነው። ስም ላወጣላት ብዙ ጊዜ ሞክሬ ነበር፣ ሁለት ሦስቱን ደብተሬ ላይም ጽፌ ሰርዣለሁ። የሆነ ሰው አንዴ ያወጣላት ስም አለ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም። ገጿ ላይ አሁን «ስም፦» ይልና ቦታው ባዶ ነው።